ሐሙስ ሐሙስ የሚብሰው ኦዞን

እምቢ ማለት የማልችል ሰው መሆኔን ዘመዶቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ያውቃል። ሕፃን ሳለ ከረሜላ ነበር የሚያስገዛኝ። አሁን አድጎ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው፤ ልማዱ ግን አልለቀቀውም። አንድ ማታ ደወለና «አጎቴ፣ አንድ ቀላል ነገር ላስቸግርህ» አለኝ። ወዳጄ፣ ዘመድ «ቀላል ነገር» ሲልህ ኔትወርክ ጠፋ ብለህ ዝጋው። እኔ ግን «ምን ገዶኝ!» አልኩ። አፌ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

የምኖረው ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ነው። ቤቱ ሁሉ ተደጋግፎ የቆመበት ሰፈር ነው። አንዱ ግድግዳ ጣውላ፣ አንዱ ብሎኬት፣ አንዱ ቆርቆሮ፤ ትንሽ ፍራንክ የተረፈው ደግሞ ሶሌታ አስሞልቶ ጣሪያው ላይ የውሃ በርሜል፣ ዲሽና የልብስ ገመድ ይደረድራል። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ የመኔውና ሐበሻው ሲያስለን እንኳ የማን ሳል እንደሆነ እንተዋወቃለን። እናንተ አዲስ አበባ በሐምሌ ጃንጥላ ይዛችሁ ስትሮጡ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው አቧራ ጭኖ ከተነሳማ ሰው ቀን በሩን ዘግቶ ይጋደምና ማታ ከሞት ይነሳል።

ሥራዬ ትራንዚት ቢሮ ነው። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ ስለሚያልፍ የእኔ ቢጤ ሰነድ አገላባጭ እዚህ ሞልቷል። ኢንቮይሱን ከፓኪንግ ሊስቱ፣ ፓኪንግ ሊስቱን ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ አመሳክራለሁ፤ ቁጥሩ ከገጠመ እፈርማለሁ። ሰነዱ ሁሉ ገጥሞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት ሌላ ጉድ የተገኘበትን ታሪክ ደግሞ ከወደብ ሰው በላይ የሚያወራው የለም፤ እኔም ሳወራው ዓመታት አልፈዋል። ይህን ያዝልኝ።

የእህቴ ልጅ የመረጠኝም በዚሁ ነው። «አንተ የቁጥር ሰው ነህ» አለኝ። ሙገሳ ላይ ደካማ ነኝ።

ዕቃው በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር እጅ መጣ። ምሳ ዕቃ የምታክል ነጭ ሳጥን፣ ሆዷ ውስጥ ሁለት ክብ ሴንሰር፣ ፊቷ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት። ሥራዋ የሰፈሩን ኦዞን መለካት ነው። ኦዞን ስትል ሰማይ ላይ ያለው ብቻ ትዝ ካለህ አትፈር፤ እኔም «እሱ ላይ ነው፣ እኔ ካርቲየ 3 ነኝ» ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ በትዕግሥት አስረዳኝ። ላይኛው ኦዞን የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከለክልልን ወዳጅ ነው። ታችኛው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የመኪናና የጄነሬተር ጭስ፣ የነዳጅ ትነት፣ የተቃጠለ ቆሻሻ ከጠንካራ ፀሐይ ጋር ሲገናኙ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ይፈጠራል፤ ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ያስቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ8 ሰዓት አማካይ ከ100 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ እንዳያልፍ ይመክራል፤ በእኔ ሳጥን አቆጣጠር ወደ 50 ፒፒቢ ገደማ መሆኑ ነው፣ ማለትም ከ1 ቢሊዮን የአየር ሞለኪውል 50ው። ጭስና ፀሐይ ለመፈጠሩ በቂ ከሆኑ፣ ጅቡቲ ምን ጎድሏት!

«መለካቱን ሳጥኗ ትለካለች» አለኝ። «ከአንተ የምፈልገው የዳታውን ጥራት እንድትከታተልልኝ ነው። የጎደለ ሰዓት፣ አንድ ቦታ ተገትሮ የቀረ ቁጥር፣ ድንገት የዘለለ ቁጥር። ደግሞ ደብተር ያዝ፤ በሳጥኗ ዙሪያ የሆነውን ሁሉ ጻፍ።» የመጀመሪያውን ክፍል በደንብ ሰማሁ። ስለ ደብተሩ ሲናገር ጀበናው ገንፍሎ ነበር መሰለኝ።

እውነተኛው የኦዞን መለኪያ እንዲህ አይደለም። 254 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን የማይታይ ብርሃን በአንድ ቱቦ ይለቅና፣ አንዴ አየሩን እንዳለ፣ አንዴ ኦዞኑ የተጣራለትን እያስገባ ብርሃኑ ምን ያህል እንደተዋጠ ያነጻጽራል። እሱም ቢሆን አይታመንም፤ ኦዞን የሌለው አየር ሰጥተው ዜሮ ይል እንደሆነ፣ መጠኑ የታወቀ ኦዞን ሰጥተው ልክ ይናገር እንደሆነ ይፈትኑታል። በአሜሪካ ደንብ ይህ ፈተና ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ ነው። እንኳን መሣሪያው፣ የመሣሪያዎች ሁሉ ዳኛ የሆነው ቁጥርም ተፈትኗል፤ ኦዞን ያንን ብርሃን ምን ያህል ይውጣል የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከታተመ ወዲህ ዓለም ሲምልበት የኖረው ልክ፣ በቅርቡ ከመቶ 1 ትንሽ በለጥ ብሎ ዝቅ ተደርጓል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2009 ከጀርመን ካርልስሩኸ ባለሙያዎች ጋር የፀሐይን ብርሃን እየተነተነ ከመሬት እስከ ሰማይ ያለውን ኦዞን የሚለካ መሣሪያ ተክሎ፣ ውጤቱን ከሳተላይት ጋር አመሳክሮበታል። ሁሉም ሌላውን ይጠይቃል፤ ብቻውን የሚታመን የለም።

የእኔ ሳጥን ግን ርካሽ ናት። አንዱ ሴንሰር ኦዞንንና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ሳይለይ ይለካል፣ ሌላው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን ብቻ፤ ከዚያ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። በዚያ ላይ የተሞከረችው በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ነው። ባሕሩ ጠርዝ አምጥተው ወበቅ ውስጥ ሲዘፍቋት እንደኔው ማላቧ አይቀርም።

የቤት አከራዬ ሐጃ ጣሪያዋን ፈቀደችልኝ። ሐጃ ሶማሌ ናት፤ ድሬዳዋ አድጋ አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል። ድሬ ያደገ ሰው ደግሞ አንቱታ አያውቅም። እኔ «ሐጃ፣ እንደምን አደሩ» ስላት፣ «አቦ፣ አንተ ሰውዬ፣ ያ ሳጥንህ መብራቴን አይጨርስም?» ትለኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚህ ከምንጠቀመው መብራት ብዙው ከአገር ቤት በገመድ ስለሚመጣ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ተጠያቂው እኔ ነኝ። «የእናንተ መብራት ሄደ!» ብላ ከታች ትጮሃለች፤ እኔም በአገሬ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መብራት ሲሄድ ሳጥኗም ትተኛለች። የአንድ ሰዓት አማካይ ለመባል ከሰዓቱ ቢያንስ 75 ከመቶው መለካት አለበት አሉ፤ የጎደለው ባዶ ይተዋል። እኔ ግን ባዶ ቦታ አልወድም። ሰነድ ላይ ባዶ ቦታ ካለ ጉምሩክ ይመልሰዋል። ስለዚህ የጎደለውን ሰዓት ከላይና ከታች ያለውን አይቼ በግምት እሞላዋለሁ፤ ቆንጆ ሆኖ ይገጥማል። የሌሊቱ ዜሮ ሲያስጨንቀኝ ደግሞ ተቃራኒውን አደረግሁ። ማታ ማታ የጎረቤት ጄነሬተር ሲነሳ ቁጥሩ ወርዶ ዜሮ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይገባል። ከዜሮ በታች አየር እንዴት ይኖራል? አጠፋሁት።

የእህቴ ልጅ ሲያይ በስልኩ ውስጥ ፀጉሩን ሲነጭ የሰማሁት መሰለኝ። ለካ ከጄነሬተሩ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞኑን ይበላዋል፤ ማታ ደግሞ ፀሐይ ስለሌለች የተበላው አይተካም። ዜሮው እውነት ነበር! ትንሿ አሉታዊ ቁጥርም ሴንሰሩ ዜሮ አካባቢ ሲዋዥቅ የምትመጣ ናት፤ እሷን እየለቀምክ ስትጥል አማካዩ ሳታውቀው ከፍ ይላል። «አጎቴ፣ አትሰርዝ! ምልክት አድርግና ተወው» አለኝ።

ለዚህ ትልቅ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ እንግሊዞች አንታርክቲካ ላይ በጸደይ የሰማዩ ኦዞን ክፉኛ መሳሳቱን ከሃሊ ጣቢያ ባገኙት ልኬት ለዓለም ነገሩ። ከላይ ግን የናሳ ሳተላይት ኒምበስ 7 ለዓመታት ሲዞር ነበር። የሱ ፕሮግራም በዶብሰን፣ ማለትም በሰማዩ ኦዞን መለኪያ አሃድ፣ ከ180 በታች የሆነን ቁጥር «ይህ አይመስልም» ብሎ ምልክት ያደርግበት ነበር። ብዙ ሰው ናሳ ቁጥሩን ጣለው ብሎ ያወራል፤ አልጣለም። ምልክት የተደረገበት ሲበዛ ባለሙያዎቹ ከደቡብ ዋልታው የምድር ጣቢያ ጋር ሊያመሳክሩ ሄዱ፤ እዚያ ያለው ቁጥር 300 ገደማ ይላል። ለካ የተሳሳተው የምድሩ ነበር! ሆኖም ዳታው ስላልተሰረዘ ወደኋላ ተመልሰው ጉድጓዱን በካርታ አሳዩት። እነሱ ምልክት አድርገው አቆዩ፤ እኔ ካርቲየ 3 ሌሊቱን በሙሉ በአንድ ቁልፍ አጠፋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሌሊቱን መልሼ ለመልቀም በሾፌሩ እጅ የሄደው የሳጥኗ ሚሞሪ ካርድ እስኪመለስ ጠበቅሁ።

አሁን ወደ ሐሙስ ልግባ።

በግራፉ ላይ ኦዞን ጠዋት ዝቅ ብሎ ከቀትር በኋላ ከፍ ይላል፤ ይህ የፀሐይ ሥራ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሌላ ነው፤ ከ30ና ከ40 ተነስቶ እስከ 140 ይዘላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በአንድ ሐሙስ ቢሆን ዝላይ ነው ብዬ ምልክት አደርግበት ነበር። በየሐሙሱ ሲደጋገም ግን ግኝት ሆነ። አየህ፣ ሲደጋገም እውነት የሚመስለው ለሞኝ ብቻ አይደለም፤ ለሂሳብ ሠራተኛም ነው።

ዝላዩ የሚመጣው 12 ሰዓት ላይ ነው ይላል ሳጥኗ። ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ጣሪያ ወጣሁ። ከሐሙዲ መስጊድ በኩል አዛን ይሰማል፤ ከባሕር ነፋሻ ነገር ይመጣል፤ ቁጥሩ ረግቷል። ጥሩ አመሸሁ። ኋላ ነው «ሞኝ፣ ዕቃው የፈረንጅ ነው፤ የፈረንጅ 12 የእኛ 6 ሰዓት ነው» ያልኩት። በሚቀጥለው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ወጣሁ። ወዳጄ፣ የጅቡቲ ጣሪያ በቀትር የሰው ቦታ አይደለም። የሸበጤ ሶል ሶሌታው ላይ ተጣበቀ፤ ልደገፍ ብዬ የያዝኩት በርሜል እጄን ላጠው። ዓይኔ ጥቁርና ቢጫ እያየ ስወርድ የሐጃ ሠራተኛ፣ ከወሎ የመጣች ልጅ፣ አንድ ማሰሮ ውሃ ራሴ ላይ ቸለሰችብኝ። «ጋሼ፣ ከምሳ በኋላ ቢወጡ አይሻልም? እኔ እንኳ የምወጣው 9 ሰዓት ነው፣ ጥላ ሲሆን» አለች። ለምን እንደምትወጣ አልጠየቅኋትም።

የሳጥኗ ሰዓት በግሪንዊች ነበር የተሞላው። 12 የምትለው የእኛ 9 ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ካርቲየ 3 ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ወንድ አታገኝም። ጫቱ ከአገር ቤት ቀትር ላይ ገብቷል፣ መኪናው ጥሩምባውን እያንባረቀ አልፏል፣ ሁላችንም ጫት መቃሚያው መብረዝ ውስጥ ተጋድመናል። ግኝቴን የተነተንኩትም እዚያው ተጋድሜ ነው።

ትንታኔው አማረ። ሐሙስ ሐሙስ ወደቡ የሚገባ አንድ መርከብ ነበር። ቢሮ ሄጄ የመድረሻ ቀኖቹን ከዝላዮቹ ጋር አመሳከርኩ፤ ገጠመ። ጭሱ ከወደቡ ይነሳል፣ ፀሐይ ታበስለዋለች፣ ነፋስ ካርቲየ 3 ያደርሰዋል። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ አላየሁም፤ ምን ያደርጋል፣ ቁጥሩ ገጥሟል! ለመብረዙ ነገርኩ፣ መብረዙ ለሰፈሩ ነገረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣችው ግን ጫት ሻጯ ናት፦ «ዶክተር ኦዞን»። ቅር አላለኝም፤ ሐሙስ ከሰዓት ልጆችና ሽማግሌዎች እንዳይወጡ እስከ ማወጅ ደረስኩ። ከተከበርኩበት ዘመን ውስጥ ይህኛው ረጅሙ ነበር።

ሐጃም ሰምታ ኖሮ በሚቀጥለው ሳምንት ዝላዩ ረቡዕ ላይ መጣ። «ሰምታ ኖሮ» ያልኩትን ልብ በል፤ እኔ ያኔ ልብ አላልኩትም። መርከቡም በአጋጣሚ ያን ሳምንት ረቡዕ ገባ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም ሆንኩ። አርብ ጠዋት ሐጃ ቤት ቡና ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ግራፉን በስልኬ ከፍቼ መርከቡ ቀን ሲቀይር ኦዞኑ እንዴት ተከትሎት እንደሄደ ማስረዳት ጀመርኩ። አቦል ተጠጥቶ ቶና እየተቀዳ ነው። ልጅቷ ስኒ እያቀረበች «ረቡዕማ…» አለችና ዝም አለች።

«ረቡዕ ምን?» አለች ሐጃ።

«ረቡዕማ ልብስ ያጠብኩበት ቀን ነው። ሐሙስ አየሩ መርዝ ነው ሲሉ እርስዎ ረቡዕ እጠቢ አሉኝ እኮ። የጋሼ ሐጂን ጀለቢያ፣ ለጁምዓ።»

«በምን ነው የምታጥቢው?» ስል ድምፄ ቀጠነ።

«ነጭ አይደል? በበረኪና ነዋ።»

ጀለቢያው የሚሰጣበት ገመድ ከሳጥኗ አንድ ክንድ አይርቅም። ሁላችንም ወጣን፤ የቡናው ሰው ሁሉ፣ ልጆቹ፣ ጫት ሻጯ ሳትቀር። መስኮቷ ላይ 31 ይላል። ልጅቷ የበረኪናውን ጠርሙስ ከበርሜሉ ሥር አንስታ ክዳኑን ፈታችና አፉን ወደ ሳጥኗ አስጠጋች። ምንም የለም። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። ቁጥሯ 33 አለች። 47። ልጆቹ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። 80። 112። 150 ስትደርስ ጭብጨባ ሆነ። እንዲህ ያለ ሴንሰር ክሎሪን ሲሸተው ከኦዞን አይለየውም፤ መርከብ ስል የከረምኩት የአንድ ሽማግሌ ጀለቢያ ነው። ሐጃ የውሃ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠችበት፤ እስክትተነፍስ ጠበቅናት። «አቦ፣ አንተ ሰውዬ! የባሌን ጀለቢያ በመርከብ ታሳብባለህ?»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ምን ልንገርህ። የወደቡ ሰዎች ቢሮ ሲያገኙኝ «ዛሬ ስንት ጀለቢያ ገባ?» ይሉኛል። ሐጂ ራሳቸው፣ ለወትሮው ሰላምታ የማያበዙት ሰው፣ መንገድ ላይ ያዝ አድርገው ነጭ እጅጌያቸውን አፍንጫዬ ሥር ዘረጉና «ስንት ይላል?» አሉኝ። «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ ተነሳ፤ «በረኪና» ብቻ ቀረ። ሱቅ ገብቼ በረኪና መግዛት አልችልም፤ ባለሱቁ ይስቃል። ነጭ ልብሴ ሁሉ ወደ ቢጫነት እያዘነበለ ነው።

የእህቴ ልጅ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ኦዞንን እ.ኤ.አ. በ1839 ያገኘው ሾንባይን ራሱ ስታርችና ፖታሲየም አዮዳይድ የተቀባ ወረቀት ሠርቶ፣ ወረቀቱ ሰማያዊ በሆነ መጠን ኦዞን አለ ሲባል ስንት ዘመን ተኖረ፤ ኋላ ግን ወረቀቱን እርጥበትም እንደሚያሳስተው ታወቀ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ግን «ደብተሩስ?» አለ። ደብተሩን ይዤ ቢሆን የመጀመሪያው ሐሙስ ላይ «ልብስ ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ ሁሉ በአንድ መስመር ያልቅ ነበር። የእህቴ ልጅ የዝላዩን ሰዓታት አልሰረዛቸውም፤ ሠንጠረዡ ጎን «በ» የምትል ፊደል አደረገባቸው። የበረኪና «በ»። የዓለም ሳይንስ ውስጥ ያለኝ አስተዋጽኦ እሷ ናት።

አሁን ደብተር አለኝ። ሐጃ ደብተሩን ከደረጃው ሥር በክር አንጠልጥላ፣ ጣሪያ የሚወጣ ሁሉ ያደረገውን እንዲያጽፍ አወጀች፤ ሰፈሩ ከእኔ አዋጅ ይልቅ የሷን አከበረ። በርበሬ የሚያሰጣው፣ ከሰል የሚያያይዘው፣ ዕጣን የሚያጨሰው፣ ሲጋራ የሚደብቀው ጎረምሳ ሳይቀር ይነግረኛል፤ እኔም ሰዓቱን በሦስቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ። ልጆቹማ ስማቸው ሲጻፍ ስለሚወዱ ያላደረጉትንም ማስመዝገብ ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ «ፍየል ጠብሻለሁ» ብሎ አስጻፈኝ፤ ዕድሜው ሰባት አይሞላም። ሐጃ ራሷ ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ቡና ቆላሁ ብላ አስመዘገበች፤ ያን ቀን ግን ሙሉውን ከሰዓት ባልባላ እህቷ ጋ ነበረች። ሳጥኗም 10 ሰዓት ላይ ምንም አላሳየችም። ለእህቴ ልጅ ደውዬ የደብተሩን ጥራት የሚመረምር ሰው እንዲልክልኝ ጠይቄዋለሁ፤ ቀላል ነገር ነው አልኩት።